የለተሥላሴ ኪቦርድ

ሰው ኪቦርድ ላኪልኝ ሲባል ኪቦርድ ይልካል። ሚሚ የላከችው ግን የኪቦርድ ብትን ነበር። ለተሥላሴ ይሻው ደብረ ታቦር ውስጥ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ካርቶኑን አልጋዋ ላይ ስትዘረግፈው መጀመሪያ አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ገበታ ወጣ። ከዚያ አረንጓዴ ቦርድ፣ ቀዳዳው የበዛ ስስ ብረት፣ ከየፊደሉ ሥር የሚተከሉ የጣት ጥፍር የሚያካክሉ ስልሳ ስምንት ስዊቾች፣ ፊደል የተጻፈባቸው ክዳኖች፣ በመጨረሻም በትንሽ ላስቲክ የታሰሩ ፀጉር የመሰሉ ሞላዎች ተከተሉ። መመሪያው በቻይንኛ ነው። ዕቃው ከዱባይ ተነሥቶ፣ መንገድ ሲዘጋ ባሕር ዳር ሰው ቤት ከርሞ፣ እሷ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ወር ተኩል ፈጅቷል። ለጸሐፊነት ፈተናዋ የቀራት ሦስት ቀን ብቻ ነው።

«ይቺ ልጅ ለይቶላታል» አለች ለብቻዋ።

ሚሚ ግን አልለየላትም። ዱባይ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ታጸዳለች፤ እሷና ለተሥላሴ ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ አውሮፕላን ወደዚያ የሄዱ ናቸው። ኔትወርክ በተገኘ ቀን የወረደው የድምፅ መልእክቷ እንዲህ ይላል፦ «ለቴ፣ ተራ ኪቦርድ ላንቺ አይሆንም። እዚህ ያለው ፊሊፒኖ ለራሱ ሲገጥም አይቼዋለሁ። እያንዳንዱን ስዊች ከፍተሽ ያለበትን ሞላ አውጪና ያንን በላስቲክ የታሰረውን ክተቺበት። እሱ ስስ ነው፤ በትንፋሽሽ ይወርድልሻል። አንድ ብልቃጥ ቅባት አለው፣ እንዳይሻክር ውስጡን ታስነኪዋለሽ። የመኪና ዘይት ምናምን እንዳትነኪው፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል።» ብልቃጡ ካርቶኑ ውስጥ የለም። ወይ ኤርፖርት ተወስዷል፣ ወይ ሚሚ ረስታዋለች።

ስስ ሞላ ያስፈለገው በለተሥላሴ ቀኝ እጅ ምክንያት ነው። ከመሐል ጣቷ እስከ ትንሿ ድረስ ቆዳው ተኮማትሮ ጣቶቿን ወደ ውስጥ ጎትቷቸዋል። መንካት ይችላሉ፣ መጫን ግን አቅም የላቸውም፤ በተራ ኪቦርድ ሦስት መስመር ከጻፈች ሕመሙ ክርኗ ድረስ ይወጣል። ለአገር ሁሉ «ዘይት ፈሰሰብኝ» ብላ ነው የተናገረችው። ዘይት ግን ብቻውን አይፈስም። ዱባይ በሠራተኝነት የገባችበት ቤት እመቤት ናት ያፈሰሰችባት፣ በተቆጣች ቀን፣ ከመጥበሻው ላይ። ይህን የሚያውቅ ከሚሚ በቀር ሰው የለም።

ከመሄዷ በፊት ለተሥላሴ የጽሕፈትና የቢሮ ሥራ ተምራለች፤ ከክፍሉ የሚደርስባት አልነበረም። ሥራ ግን አልተገኘም። ያኔ አባቷ አቶ ይሻው ከትውልድ መንደሯ ከገሳይ ይዘዋት መጥተው ሠራተኛ ወደ ዓረብ አገር ለሚልክ ጥላዬ ለሚባል ደላላ አስረከቧት። አልሄድም ብላ አልቅሳለች። «ሁለት ዓመት ምን አላት» አሉ፤ እሷም ሄደች። ከተመለሰች ወዲህ አባትና ልጅ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እሷ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ታደርጋለች፣ እሳቸውም አይጠይቁም። እንዲህ ያለ ዝምታ አንዳንድ ቤት ውስጥ እንደ መከባበር ይቆጠራል።

አሁን አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ጸሐፊ ይፈልጋል። ፈተናው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ በዐሥር ደቂቃ ሦስት መቶ ቃል መጻፍ። የፈተናው ኃላፊ አቶ ደምሴ የራሷን ኪቦርድ ይዛ ትገባ እንደሆነ ስትጠይቃቸው እጇን አይተው፣ «ገመዱ ኮምፒውተሩ ላይ ከገባ እኔን ምን ቸገረኝ» ብለዋታል። ካለፈች እዚሁ አገሯ ላይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሠራለች። ከወደቀች ዓርብ ጠዋት ጥላዬ መኪና ይዞ ይመጣል፤ ፓስፖርቷ እሱ ዘንድ ነው፣ መዳረሻዋም ኩዌት ነው። ስለ እጇ ሲያስብበት ቆይቶ «ጓንት አድርጊበት» ብሏታል። እንደገና የሰው ወጥ ቤት ከመግባት ሞት ይሻላል የምትልበት ጊዜ ነበር። አሁን እንዲያ አትልም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ አባቷ ደረሱ። መኪና ስላልነበረ ከገሳይ በእግራቸው ነው የመጡት፤ በትከሻቸው የገብስ ቆሎ፣ በእጃቸው አንድ ቅል ቅቤ ይዘዋል።

«ጾም ነው፣ አይበላ» አሉ ቅሉን ሲያቀብሏት። «ራስሽን ተቀቢው ብዬ ነው።» ከዚያ አልጋው ላይ የተዘረገፈውን አዩና ቆም አሉ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ለፈተናው ነው አባ። የምጽፍበት ነው።»

«በዚህ? ይሄ የተፈታ ጠመንጃ አይደለም እንዴ!»

«ታዲያ አንቱ ስንት ጠመንጃ ፈትተው ገጥመው የለ? ያግዙኛ።»

ይህን ያለችው ለቀልድ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አውልቀው፣ በርጩማውን ፀሐይ ላይ አወጡና ተቀመጡ።

እውነቱን ለመናገር ያለ እሳቸው አይሆንላትም ነበር። ስዊቹ በአራት ጥርስ የተቆለፈ ነው፤ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ፈልቅቆ መክፈት ያስፈልጋል፣ የእሷ ቀኝ እጅ ደግሞ ከሁለቱም የለችበትም። አባቷ አንገታቸው ላይ ካለው ክር ወረንጧቸውን አወረዱ፤ ስንት ዘመን እሾህ ሲያወጡበት የኖሩበት ወረንጦ ነው። ጫፉን ጥርሱ ሥር ከተት፣ ቀጭ። አሮጌውን ሞላ ለቀም፣ አዲሱን ቁጭ። እሷ የስዊቹን ክዳን ትመልሳለች። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደባቸው፤ ሁለት ሞላ አፈር ውስጥ ወድቆ ዶሮ ሳይለቅመው ተርፏል። ከአሥረኛው በኋላ ግን እጃቸው ለመደ።

«ጣሊያን ነው የሠራው?» አሉ።

«ቻይና ነው።»

«እንዲያ በይኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሠራው።» እንዲህ እያሉ አንዷን ሞላ ወደ ፀሐይ አንሥተው በአድናቆት ያዩዋታል። ማሽሟጠጥ ይወዳሉ፤ የወደዱትን ነገር ሳያሽሟጥጡ ማለፍ አይሆንላቸውም።

ሰኞን እንዲሁ ዋሉ፣ ማክሰኞም ቀጠሉ። ስዊቾቹን በብረቱ ቀዳዳ አሳልፈው አረንጓዴው ቦርድ ላይ አንድ በአንድ ተከሏቸው። የአንዱ እግር ታጠፈ፣ በወረንጦው ተቃና። የረጅሙን ቁልፍ ማረጋጊያ ሽቦ ሦስት ጊዜ ገለባብጠው ገጠሙት። ፊደሎቹን እሷ ወረቀት ላይ እየሣለች እሳቸው ይሰኳቸው ነበር፤ ማንበብ ባይችሉም መልካቸውን እያዩ ያወጣሉ። አባትና ልጅ ከተመለሰች ጀምሮ ይህን ያህል ሰዓት አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው አያውቁም። ሥራው ሲያልቅ ለተሥላሴ ትንሽ ከፋት።

ከጎናቸው መሠረት የምትባል ሴት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። ኪቦርዱን እዚያ ወስደው ሰኩት። ሠራ። ለተሥላሴ የመጀመሪያውን መስመር ስትጽፍ ሦስቱ ጣቶቿ ሳይጫኑ፣ እንዲያው እንደ መንካት ብቻ፣ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ችግሩ ሌላ ነበር። አንዳንዱ ቁልፍ ወርዶ ሲመለስ ይሻክራል፣ ሞላው ስስ ስለሆነ መንገድ ላይ ያመነታል። በደቂቃ ሃያ አምስት ቃል ጻፈች። የሚፈለገው ሠላሳ ነው።

«ቅባቱ ነዋ የጎደለው» አለች። «የጠፋው ብልቃጥ።»

«የስፌት መኪና ዘይት አለኝ» አለች መሠረት።

«አይሆንም፣ ዘይት ፕላስቲኩን ይበላዋል ብላኛለች።»

አባቷ እስካሁን ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። «ቅቤስ ይበላዋል?»

ሁለቱ ሴቶች ሳቁ።

«ምን ያስቃችኋል? ጠፍር በምን ይለሰልሳል? የበሩ ማጠፊያ ሲጮህ በምን ዝም ይላል? አንቺስ ስትወለጂ በምን ነው ያሹሽ? እስቲ ቅቤ የበላውን ዕቃ አሳዩኝ።»

የበላውን ዕቃ ማሳየት አልቻሉም። ለተሥላሴ ትንሽ አሰበችበት፤ ነገሩ የሚያስኬድ መሰላት። ቅቤውን በከሰል አቀለጡት፣ በነጠላ ጫፍ አጠለሉት። አባቷ የዶሮ ላባ ጫፍ ነክረው፣ የፊደል ክዳኖቹን አንድ በአንድ እያነሡ፣ በየስዊቹ ጉሮሮ ጠብ አደረጉ። ለአንዱ ጠብታ፣ ለአንዱ ሁለት፤ ልጅን መድኃኒት እንደ ማጠጣት ተጠነቀቁ። የቀትር ፀሐይ ይወቃል። ኪቦርዱን ደጃፍ ላይ ትንሽ አሰጡትና መልሰው ሰኩት።

ኧረ እንዴት ያለ ነገር ነው! ቁልፎቹ ድምፅ አጡ። ሲነኳቸው ይወርዳሉ፣ ሲለቋቸው ይመጣሉ። መሠረት ሰዓት ያዘችላት፤ ሠላሳ አንድ ቃል ሆነ። ደገመችው፣ ሠላሳ አራት። ለተሥላሴ ስድስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችውን ሣቅ በአንድ ጊዜ ለቀቀችውና ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው «እንዲያው ቅቤ ነው፣ ምን አደረግሁ» ይላሉ። መሠረት በኋላ ስታወራ፣ እንደዚያ ቀን የተደሰቱ ሁለት ሰዎች አላየሁም ብላለች።

ሁለቱም የደጋ ሰዎች ናቸው። በዚያ የብርድ ወር ጠዋት ጠዋት ቅቤ ከቅሉ በማንኪያ ተፈልፍሎ እንደሚወጣ ከእናታቸው ጡት ጋር የተማሩት ነው። የሚያውቁትን በዚያች ቀትር የት እንደጣሉት እንጃ። ደስ ያለው ሰው ብርድ ትዝ አይለውም መሰል።

ረቡዕ ማለዳ ውርጭ ወርዶ ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ አደረ። ለተሥላሴ ኪቦርዱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በፌስታል ይዛ ወጣች። አባቷ እስከ መሥሪያ ቤቱ ግቢ በር ሸኟትና ከአጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «በርቺ» አሏት፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

አዳራሹ በሲሚንቶ የተሠራ ረጅም ቤት ነው፤ ከመስኮቶቹ የአንዱ መስተዋት ከተሰበረ ቆይቷል። ተፈታኞቹ ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሁሉም እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ይንቀጠቀጣሉ። አቶ ደምሴ ኮምፒውተሮቹን አስነሡና ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ወረቀት ፊቱን ደፍተው አስቀመጡለት። ለተሥላሴ ገመዷን ሰካች። ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች። ልቧ ረጋ አለ።

«ጀምሩ!»

ወረቀቱን ገልብጣ የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫነች። ወረደ። አልተመለሰም። ፊደሉ ራሱን እየደጋገመ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ቁልፉን በጥፍሯ ይዛ ሳበችው፤ የሞላውን መስመር አጥፍታ ሁለተኛውን ነካች። እሱም ወርዶ ቀረ። ሦስተኛው ጭራሽ አልወርድም አለ፤ ጠንክራ ስትጫነው ሕመሙ ክርኗን ወጋት። ያኔ ገባት። ቅቤው ረግቷል። ያ ትንፋሽ የሚያወርደው ሞላ፣ ለእሷ ጣት ሲባል የተመረጠው ስስ ሞላ፣ የረጋ ቅቤ ገፍቶ ለመነሣት አቅም የለውም።

ጎንበስ ብላ ተነፈሰችበት። እጆቿን ከደነችበት። ኪቦርዱን ነቅላ ደረቷ ውስጥ፣ ከቀሚሷ ሥር አስገብታ አቀፈችው፤ ቅዝቃዜው አንጀቷ ድረስ ዘለቀ። ዙሪያዋ ዐሥራ ስምንት ሰው እንደ በረዶ ዝናብ ያንኳኳል። አጠገቧ ያለው ልጅ በዓይኑ ጥግ አያትና ወደ ሥራው ተመለሰ። መልሳ ስትሰካው አራት ደቂቃ አልፏል። ሁለት ቃል ጻፈች፤ እንደገና ያዘ።

አቶ ደምሴ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። «ምነው?»

«ብርዱ ነው ጌታዬ። ቁልፉ... ትንሽ ፀሐይ ቢያገኝ ይሠራል። ትንሽ ሰዓት ቢጨምሩልኝ።»

«ሰዓቱ የሁሉም ነው እኮ፣ እኅቴ» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ከጥግ የቢሮውን ኪቦርድ አምጥተው ሰኩላት። ድንጋይ ነው የሚባለው ዓይነት ኪቦርድ ነው። በግራ እጇና በቀኝ አመልካች ጣቷ፣ ከንፈሯን እየነከሰች፣ የቻለችውን ጻፈች። «አቁሙ!» ሲባል ስልሳ ሁለት ቃል ላይ ነበረች።

ወረቀቱ ሲሰበሰብ ፀሐይዋ ከተሰበረው መስኮት በኩል ገብታ ጠረጴዛው ላይ፣ ጎን የተቀመጠው ኪቦርዷ ላይ አረፈች። ለተሥላሴ አንገቷን ደፍታ ተራዋን ጠበቀች። ተፈታኙ ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ቆየ፤ ዕቃዋን ስትሰበስብ ሳታስበው አንዱን ቁልፍ ነካችው። ለስልሶ ወርዶ ለስልሶ ተመለሰ። ያኔ ልትጮህ ፈለገች። አልጮኸችም፤ በጨርቁ ጠቅልላ ወጣች።

አባቷ ሲያዩዋት ከድንጋዩ ተነሡ። «እህሳ?»

«አልሆነም አባ።»

«ምነው? ዕቃው እምቢ አለሽ?»

ከአዳራሹ እስከ በሩ ስትመጣ የምትለው ሁሉ አፏ ላይ ነበር። «ቅቤዎ ነው ጉድ የሠራኝ» ልትል ነበር፤ ትንሽም ተቆጥታ ነበር። አባቷ ግን ጎናቸውን ለውርጭ ሰጥተው ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው ረጥቧል፣ ፊታቸው ላይ አሁንም የትናንቱ ደስታ ትራፊ አለ። አንጀቷን በሉት።

«ዕቃውማ ደህና ነው» አለች። «እጄ ነው። እጄ ደከመብኝ።»

አቶ ይሻው ቀረብ አሉ። ከዚያ «እስቲ አምጪው» አሏት።

«ምኑን?»

«እጅሽን።»

ልትሸሽግ ስትል ነጠላዋን ገለጡና ያዙት። ከተመለሰች ጀምሮ እጇን ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነው። ወደ ፀሐዩ አዙረው በአውራ ጣታቸው የተኮማተረውን ቆዳ ዳሰሱ፣ ወደ ላይ ወደ አንጓዋ ሄዱ። አንጓዋ ዙሪያ ያልተቃጠለ ቆዳ አለ፤ አራት ጣት የሚያህል፣ ዳርና ዳሩ በጠባሳ የተለየ። እዚያ ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ቆመ። የገዛ ጣቶቻቸውን ጠጋ አድርገው አስተያዩት።

«ይሄ የፈሰሰ ዘይት አይደለም» አሉ። «እጅሽን ሰው ይዞት ነበር።»

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«ሲፈስብሽ ይዞሽ ነበር።»

«ተዉት አባ። አልፏል።»

«እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው ከእርጅና የመጣ ይመስል ነበር። «በዚሁ እጅሽ ይዤሽ ነው ጥላዬ ቤት የገባሁት። እያለቀስሽ። ሰው እያየኝ። እጅሽንም ወሰድኩት፣ ዛሬም እንጀራሽን ወሰድኩት።»

ለተሥላሴ ደነገጠች። ከአንዲት ጠብታ ቅቤ ልታድናቸው ብላ ስንት ዘመን የሸሸገችውን ጫነችባቸው። ይህን ያህል የምታስከፍል ውሸት መሆኗን ብታውቅ መቼ ትተነፍሳት ነበር።

«አባ፣ ስሙኝ፣ ዋሽቼዎት ነው» አለች፤ ቃሉ እየተጋጨባት ወጣ። «እጄ አይደለም። እጄ ደህና ነበር። ቅቤው ነው። ብርዱ አረጋውና ቁልፉ አልነሣ አለ። በእግዚአብሔር ቅቤው ነው!»

አባቷ በሐዘን አዩዋት። ፌስታሉን ከእጇ ወሰዱ፣ ጨርቁን ፈቱ። ፀሐይዋ ጠንክራለች፤ ጥቁሩ ገበታ ከመዳፋቸው ላይ ይሞቃል። በዚያ ወፍራም አመልካች ጣታቸው አንዱን ቁልፍ ነኩት። ወርዶ ተመለሰ። ሌላውን ነኩ። ተመለሰ። ረጅሙንም ነኩት።

«ደህና ነው እኮ ልጄ» አሉ። «እንደ ውሃ ነው የሚሄደው። አታባብይኝ።»

«ያኔ ረግቶ ነበር! አቶ ደምሴን ይጠይቋቸው፣ ይግቡና...»

«ለኔ ብለሽ ነው፤ አውቄያለሁ» አሉና መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት። ፌስታሉን በደህነኛው በግራ እጇ አስያዟት፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ በገሳይ መንገድ መሄድ ጀመሩ። ተከትላቸው እስከ ከተማው ዳር ሄደች፣ እየማለች፣ ስለ ቅቤው፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ተሰበረው መስኮት እየተናገረች። አንገታቸውን ብቻ ይነቀንቁላታል። በመጨረሻ ቆሙና፣ ዓይኗን ሳያዩ፣ «እባክሽ ተመለሺ» አሏት።

ዓርብ ጠዋት ጥላዬ መኪናውን ይዞ መጣ። የሸኘቻት መሠረት ብቻ ናት።